ግንደ ሕዋስ

ሁለት የቆዩ ቃላት ተጣምረው የወለዱት ስም ነው። «ሕዋስ» በግዕዝ የስሜት መቀበያ ነው፤ ዛሬም «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» እንላለን። ሳይንስ ቃሉን ተውሶ የሕያው አካል ትንሿ መሠረት መጠሪያ አደረገው። «ግንድ» ደግሞ የዛፍም የትውልድም ነው። ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኧርነስት ሄከል በ1868 እ.ኤ.አ. ጥምር ስሙን በቋንቋው ሲጠቀምበት ያሰበው የዘርን ግንድ ነበር።

ትርጉሙን በዓይኑ ማየት የሚሻ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ሰቃ ላይ ይውረድ። በዚያ ያረጀ ቡና ይጎነደላል፤ ዝናብ ሲያገኝ ጉቶው ያቆጠቁጣል። ተኝተው በቆዩት እንቡጦች ውስጥ ሥራቸው ገና ያልተለየ፣ ቅጠልም ቅርንጫፍም መሆን የሚችሉ ሕዋሳት አሉ። የዕፅዋት ግንደ ሕዋስ ማለት እነዚህ ናቸው።

በፊት ቅባት ላይ ይህ ስም ሲነበብ ግን ልብ ይባል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ከአንድ የስዊዘርላንድ ፖም ዝርያ ተነሥቶ የተስፋፋው ምርት፣ በአብዛኛው የያዘው ከፈረሱ ሕዋሳት የወጣ ጭማቂ ነው። ሕይወት የለውም፤ ቢኖረውም የተክል ሕዋስ የሰው ቆዳ አይሆንም። ቅባቱ ቆዳን ያለሰልስ ይሆናል፤ እህቶቻችን ግን ገንዘባቸውን ለሥራው እንጂ ለስሙ አይክፈሉ። ግንድ የሚያቆጠቁጠው በገዛ ሥሩ ላይ ነው።