ዕድሜን መደበቅ ወይስ ዕድሜን ማስዋብ? ከአቡ ቁሓፋ ሽበት እስከ እናቶቻችን ክሬም



ስልካችንን በከፈትን ቁጥር ሽብሽብ የሚያጠፋ፣ ማድያት የሚገፍ፣ ፊትን በጥቂት ቀን የሚያቀላ ክሬም አይጠፋም። ብዙዎቻችን ለራሳችን ባንገዛው እንኳ ለእናቶቻችን እንገዛለን። ደመወዝ ስንቀበል፣ ዒድ ሲደርስ፣ ከዐረብ አገር ሰው ሲመጣ ከስጦታው መሐል አንድ የፊት ቅባት አለ። በፍቅር የምንሰጠው ነገር ግን የእናታችንን ቆዳ ሊጎዳ እንደሚችል የምናስብ ጥቂቶች ነን።

ዕድሜ የገፋ ሰው እንዴት ይዋብ የሚለው ጥያቄ የዛሬ አይደለም። በታሪክ ሁለት መልሶች ተሰጥተውበታል። አንደኛው ዕድሜውን በቀለም ሸፍነው፣ እንዳይታይ አድርገው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ዕድሜውን ተቀበል፣ ሰውነቱ አሁን የሚፈልገውን ስጠው፣ በዚያው ላይ አስውበው ይላል። ሁለቱ መንገዶች የት እንዳደረሱ አብረን እንመልከት።

◆ ዓይነ ስውሩ አዛውንት

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 630) መካ ስትከፈት አቡበክር አስ-ሲዲቅ (ረ.ዐ) አባታቸውን አቡ ቁሓፋን ይዘው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። አቡ ቁሓፋ ዓይናቸው የጠፋ አዛውንት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ዘጠና ገደማ እንደነበር ይነገራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሽማግሌውን ከማድከም እርሳቸው ቤት ድረስ ቢሄዱላቸው ይመርጡ እንደነበር መናገራቸው ተዘግቧል።

የአቡ ቁሓፋ ፀጉርና ጺም ፍጹም ነጭ ነበር። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ መሠረት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሽበቱን በሆነ ነገር እንዲቀይሩላቸው፣ ከጥቁር ግን እንዲርቁ አዘዙ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ትእዛዙ የተሰጠው መስታወት ቢይዝ እንኳ ራሱን ማየት ለማይችል ሰው ነው። «ከእንግዲህ ለዚህ ሽማግሌ መዋብ ምን ያደርግለታል?» አልተባለም። ሁለተኛ፣ ቀለሙ ተመርጧል። ብዙ ዑለማኦች ጥቁሩ የተከለከለበትን ምክንያት ሲያብራሩ ዕድሜን በመደበቅ ሰውን ማታለል ስላለበት ነው ብለዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ የዑለማኦች አቋም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሐራም ያሉ አሉ፣ የተጠላ ነው ያሉ አሉ፣ ያቀለሉም አሉ። በሂና የቀላ ጺም ግን ባለቤቱ አዛውንት መሆኑን አይደብቅም፤ የተጠበቀና የተከበረ አዛውንት መሆኑን ይናገራል እንጂ።

አቡበክር (ረ.ዐ) ራሳቸው በሂናና «ከተም» በሚባል ተክል፣ ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ በሂና ብቻ ይቀቡ እንደነበር ከአነስ (ረ.ዐ) ተዘግቧል። ሽበትን መንቀል ግን በሐዲስ ተከልክሏል። ማቅለም ተፈቅዶ መንቀል መከልከሉ ትልቅ ትርጉም አለው፦ አስውበው፣ ግን እንዳልነበረ አታድርገው።

ስለ ሴቶችም እንይ። ሱረቱ-ን-ኑር 60ኛው አንቀጽ በዕድሜ ለገፉ፣ ትዳርን ተስፋ ለማያደርጉ ሴቶች የላይ ልብስን በተመለከተ ሁኔታውን ያቀልላቸዋል፤ ነገር ግን ጌጣቸውን የሚያሳዩ እንዳይሆኑ ያስታውሳል፤ ቢቆጠቡ ደግሞ ለእነርሱ የተሻለ መሆኑን ይገልጻል። ከዚህ አሮጊት ሴትም ጌጥ እንዳላት እንረዳለን። ጌጧን የት ታሳይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጌጥ አያስፈልጋትም የሚል ግን የለም።

◆ ወርስ፦ ለማድያት የተቀባ ቢጫ ዱቄት

ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሴቶች በአራስነታቸው ወቅት በማድያት ምክንያት ፊታቸውን «ወርስ» ይቀቡ እንደነበር መናገራቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ወርስ ከተክል የሚገኝ ቢጫ ወደ ቀይ የሚያደላ ዱቄት ነው። ኢብኑል ቀይምም ስለ ነቢያዊ ሕክምና በጻፉት ክፍል ለማድያትና ለቆዳ ማሳከክ ጠቃሚ መሆኑን ጠቅሰዋል።

ወርስ በይበልጥ የሚታወቀው በየመን ነው። ለእኛም ግን ሩቅ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሐረር ወደ ዐረብ አገር ይላኩ ከነበሩ ምርቶች አንዱ ወርስ ነበር። የሐረር ቡና ባሕሩን ሲሻገር የፊት ቅባቱም አብሮ ይሻገር ነበር ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ በዚህ ዘገባ ውስጥ ያለው የፊት ቀለም ለታወቀ የቆዳ ችግር የተቀባ ነው። መዋብና መታከም ገና አልተለያዩም።

◆ ሐኪሞቹ ምን አሉ?

ይህ አስተሳሰብ በኋላ በመጻሕፍት ሰፈረ። የግሪኩ ሐኪም ጋሌን ቀደም ሲል በሁለት ነገሮች መካከል ለይቶ ነበር፦ የተፈጥሮን ውበት መጠበቅ የሕክምና ክፍል ነው፤ የሌለን ውበት በቀለም መፍጠር ግን የሐኪም ሥራ አይደለም። የሙስሊሙ ዓለም ሐኪሞች የመጀመሪያውን ወስደው አስፋፉት። አቡበክር አር-ራዚ ለጌጥ ሕክምና በመጽሐፋቸው ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጡት። ኢብን ሲና (980–1037) በታላቁ «አል-ቃኑን» አራተኛ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ፀጉርና ስለ ቆዳ በስፋት ጻፉ። በአንደሉስ፣ በኮርዶባ አቅራቢያ በምትገኘው መዲነቱ-ዝ-ዘህራ የተወለዱት አዝ-ዘህራዊ ደግሞ ከ30 ክፍሎች በተዋቀረው «አት-ተስሪፍ» መጽሐፋቸው 19ኛውን ክፍል ለሽቶና ለጌጥ መድኃኒቶች አዋሉት። ዛሬ ዓለም በቀዶ ሕክምና መሣሪያዎቻቸው የሚያውቃቸው ሐኪም ስለ እጅና ፊት ቅባት መጻፍን አልናቁም።

በዚያ ዘመን ሕክምና እርጅና «ቀዝቃዛና ደረቅ» ባሕርይ አለው ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ ኢብን ሲና ለአዛውንቶች የመከሩት የሚያሞቅና የሚያረጥብ አኗኗር ነው፦ ሙቅ መታጠቢያ፣ ሰውነትን በዘይት በልኩ ማሸት፣ በቂ እንቅልፍ፣ ጥቂት ጥቂት እየከፈሉ መብላት። ስለ «ቀዝቃዛ» እና «ሞቃት» ባሕርያት የነበረው ንድፈ ሐሳብ ዛሬ አይሠራበትም። ምልከታቸው ግን ትክክል ነበር። ቆዳ ዕድሜው ሲገፋ ይሳሳል፣ የራሱን ቅባት ማመንጨት ይቀንሳል፣ ራሱን የሚያድስበት ፍጥነት ይዘገያል። ለሴት ልጅ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ድርቀቱ ይብሳል። ስለዚህ ዕድሜ ሲጨምር የሚጨምረው እርጥበት፣ የሚቀንሰው ደግሞ ሽፋን ነው።

ውዱእም ወደዚሁ ይመራል። ፉቀሃኦች ውሃ ቆዳ እንዳይነካ የሚከለክል ነገር ከውዱእ በፊት መነሳት አለበት ይላሉ፤ የሂና ቀለም ብቻውን ግን ሽፋን አይደለም። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት የምትዘጋጅ ሴት ፊቷን እንደ ግድግዳ ለስና መዋል አይመቻትም። ሂና፣ ኩልና ዘይት ግን ከዚህ ሕይወት ጋር አብረው ይሄዳሉ።

◆ ነጩ ዱቄት

የመጀመሪያው መንገድስ የት አደረሰ? ከጥንት ግሪክና ሮም ጀምሮ ፊትን ለማንጣት የሚቀባ ነጭ ዱቄት ነበር፤ የሚሠራው ከእርሳስ ማዕድን ነው። ሽፋኑ ጠንካራ ስለነበር ጠባሳም ማድያትም ሽብሽብም ይደብቃል። መርዝ መሆኑም ተሰውሮ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ኒካንደር ከመርዞች ጋር ቆጥሮታል። በሙስሊሙ ዓለምም «ኢስፊዳጅ» በሚል ስም ይታወቅና ለፊት ይውል ነበር፤ እኛ ከዚህ ነጻ ነበርን ማለት አንችልም።

በአውሮፓ ግን እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የመኳንንት ሴቶች ፋሽን ሆኖ ቆየ። በቁንጅናዋ ዝነኛ የነበረችው የኮቨንትሪ እመቤት ማሪያ ገኒንግ እ.ኤ.አ. በ1760 በ27 ዓመቷ ስትሞት ብዙዎች ምክንያቱ ይኸው የፊት ቅባት ነው ብለው ነበር።

የእርሳሱ ክፋት ቆዳውን ራሱን ማበላሸቱ ነው። ቆዳው ሲበላሽ የሚሸፈነው ይበዛል፤ የሚሸፈነው ሲበዛ ቅባቱ ይወፍራል፤ ቅባቱ ሲወፍር ጉዳቱ ይጨምራል። ዕድሜን ለመደበቅ የተጀመረው ነገር ዕድሜን ያፋጥናል።

◆ ገበያውን ማን ይጠብቅ?

በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሻም ምድር የኖሩት አሽ-ሸይዘሪ የገበያ ተቆጣጣሪ የሆነውን የ«ሙሕተሲብ»ን ሥራ የሚያብራራ መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያ መጽሐፍ መሠረት ሙሕተሲቡ የዓይን ሐኪሞችን በሑነይን ኢብን ኢስሐቅ የዓይን ሕክምና መጽሐፍ ይፈትናቸዋል፤ ያላለፈ አይሠራም። በየመንገዱ እየዞሩ ኩል የሚሸጡትን ግን ማመን እንደማይገባ ያስጠነቅቃሉ፤ ባዕድ ነገር ይቀላቅላሉና። ሽቶና ቅመም ነጋዴዎችም ከቁጥጥሩ አላመለጡም።

ዛሬ እየዞረ የሚሸጠው ነጋዴ በስልካችን ውስጥ ነው። የሚሸጠውም ከድሮው የሚብስ ሊሆን ይችላል፦

— ሜርኩሪ ያለበት ማቅያ ክሬም። ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከቀባችው እናት አልፎ አብረዋት ወደሚኖሩት ልጆችና የልጅ ልጆችም ሊተላለፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረባቸው የውበት ምርቶች ከገበያ እንዲወጡ ይጠይቃል፤ ሆኖም ዛሬም ይሸጣሉ።

— እንደ ክሎቤታሶል ያሉ ጠንካራ ስቴሮይዶች። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ። የእናታችን ቆዳ በዕድሜ ምክንያት ቀድሞውኑ ሳስቷል።

— ሃይድሮኪኖን። ሐኪም ሳይከታተለው ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የጠፋ የመሰለውን ጥቁረት አብሶ ሊመልሰው ይችላል።

— «ጥቁር ሂና»። እውነተኛ ሂና ቀይ ወደ ቡናማ ነው የሚያወጣው። ጥቁር የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የተጨመረበት የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ሲሆን ቆዳን እስከ ማቁሰል የሚደርስ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል።

ኩልንም እንጠንቀቅ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ኢስሚድ» የተባለውን ኩል እንዳመሰገኑ ተዘግቧል። ዛሬ ኩል ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ግን ኢስሚድ አይደለም፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ከፍተኛ የእርሳስ መጠን መኖሩ በላቦራቶሪ ታይቷል። ስሙ ሱና ስለሆነ ይዘቱን ሳንጠይቅ እናታችን ዓይን ላይ አናድርግ።

◆ ታዲያ ለእናታችን ምን እንግዛ?

ከታሪኩ የምንወስደው ቀላል ነው። ፊት የሚያደርቅ ሳሙና ትተን ለስላሳ መታጠቢያ እንግዛላት። ከውዱእ በኋላ ፊቷ ገና ረጠብ እንዳለ የምትቀባው ሽታ የሌለው ቅባት ይኑራት፤ ኢብን ሲና በዘይት ያሉት ይኸው ነው። ቀን ቀን የፀሐይ መከላከያ ክሬም ትቀባ፤ ማድያትን የሚያባብሰውም ቆዳን ቶሎ የሚያስረጀውም ፀሐይ ነው። ፓውደር ሽብሽቡ ውስጥ ገብቶ ይበልጥ ስለሚያጎላው ይቀንስ፤ ለሰርግም ለዒድም መቀባት ካማራት ስስ የክሬም ዓይነት ይሻላታል። ማታ ሳታጥበው አትተኛ። ሂና ከፈለገች ንጹሑን ዱቄት ገዝተን ቤት ውስጥ እንበጥብጥላት፤ አስቀድማ ክንዷ ላይ ጥቂት ሞክራ ሁለት ቀን ትጠብቅ። ማድያቱ ካስቸገራት ወደ ቆዳ ሐኪም እንውሰዳት። የይዘት ዝርዝር የሌለውን ዕቃ ግን የቱንም ያህል ቢያስተዋውቁት አንግዛ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ «እማ፣ አርጅተሻል፤ ይህን ተቀቢና ልጅ ምሰዪ» የሚለውን ቀልድ እንተወው። ፊቷ የሳሳው እኛን ስታሳድግ ነው። የአቡ ቁሓፋ ሽበት እንዲቀየር የታዘዘው ወጣት እንዲመስሉ አልነበረም፤ የተከበሩ ሽማግሌ እንዲመስሉ እንጂ።

አላህ ወላጆቻችንን በጤናና በክብር ያቆይልን፤ የሞቱብንንም ይዘንላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ለእናቱ ክሬም ሊገዛ ላሰበ ሁሉ አድርሱት።