አሮጌ ወርቅ በሚዛን ላይ

በሰው ልጅ የኅብረተሰብ ዕድገት ታሪክ ውስጥ ወርቅ የሀብት መለኪያ ሆኖ ሲያገለግል የኖረ ሲሆን፣ ወርቁ ራሱ በምን ይለካ የሚለው ጥያቄም የዚያኑ ያህል ዕድሜ ያለው ነው። ጥያቄው ይበልጥ የሚከረው ባለቤቱ ያረጀ ጌጡን ለመሸጥ ወደ ገበያ ባወጣው ዕለት ነው። ሻጩ በእጁ የያዘው የእናቱን ሐብል ወይም የሠርጉን ቀለበት ሲሆን፣ ገዢው የሚያየው የሚቀልጥ ማዕድን ብቻ ነው።

የወርቅ ግብይት ጥንታዊ መልኩ ሚዛን አልነበረውም። በ6ኛው መቶ ዓመት አዱሊስን የጎበኘው፣ በግሪክ ቋንቋ የጻፈው ነጋዴ ኮስማስ እንደመዘገበው፣ የአክሱም ንጉሥ ነጋዴዎች ሳሱ ወደተባለው የወርቅ አገር በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይወርዱ ነበር። የታረደውን ሥጋ፣ ጨውንና ብረቱን በእሾህ አጥር ላይ ያኖራሉ፤ የአገሩ ሰው የወርቅ ፍሬውን በመረጠው ዕቃ ላይ አስቀምጦ ገለል ይላል። ባለ ዕቃው ከረካ ወርቁን ያነሣል፤ ካልረካ ባለበት ይተወዋል፤ ያም ሰው ተመልሶ ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። አንድም ቃል ያልተለዋወጡበት ክርክር ቢባል ያስኬዳል።

በኋለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ወርቅ የሚመዘነው በወቄት ሆነ። የወቄት መጠን እንደ አገሩና እንደ ዘመኑ ይለያይ የነበረ ቢሆንም፣ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በገበያው ከተስፋፋ ወዲህ አንድ ወቄት የአንድ ጠገራ ክብደት፣ ይኸውም 28 ግራም ያህል ሆኖ ጸና። ገንዘቡ ራሱ የሚዛን ድንጋይ ሆነ ማለት ነው። በጠገራው ላይ የተቀረጸው ዓመት ምንጊዜም ንግሥቲቱ የሞተችበት እ.ኤ.አ. 1780 ሲሆን፣ ሕዝቡ ብሩን ሲቀበል በራስ ጌጧና በደረቷ ላይ ያሉትን ፈርጦች አንድ በአንድ እየቆጠረ ይመረምር ነበር። ምርመራው ለከንቱ አልነበረም። ብዙ እጅ ያለፈበት ብር ተፍቆ ይቀላል፤ በእርሱ የተመዘነ ወርቅ ወቄቱ የሚሞላው በጥቂቱ ስለሆነ ሻጩን ይጠቅማል፤ ያልተፋቀው ከባድ ብር ግን ገዢውን። በመሆኑም ስለ ወርቁ ከመከራከር በፊት ስለ መመዘኛው መከራከር ግድ ነበር። 1887 ዓ.ም. የሚል የተቀረጸበት የዐፄ ምኒልክ ብርም ክብደቱ ከጠገራው ጋር የተስተካከለ ነበርና ገበያው የለመደውን ልክ ተከተለ።

ክብደት የነገሩ ግማሽ ነው። ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ በመሆኑ፣ ጌጥ ሆኖ እንዲጸና መዳብ ወይም ብር ይቀላቀልበታል። ንጹሑ 24 ካራት ተብሎ ሲቆጠር፣ አንድ ወቄት የሚመዝን ሐብል 21 ካራት ከሆነ 24.5 ግራም፣ 18 ካራት ከሆነ ግን 21 ግራም ብቻ ንጹሕ ወርቅ አለው። ሁለቱ ሐብሎች በሚዛን እኩል፣ በዐይንም ተቀራራቢ ሆነው ሳለ 3.5 ግራም ወርቅ ይለያያቸዋል፤ በዚህች ልዩነት የስንቱ ቤት ጥሪት እንደተሸረሸረ መገመት አያዳግትም።

አንጥረኛው ይህን የሚለየው ጌጡን በጥቁር መፈተኛ ድንጋይ ላይ አሽቶ፣ ጭረቱን ልኩ ከታወቀ ወርቅ ጭረት ጋር በማስተያየት ነው። የአሲድ ጠብታ ሲያርፍበት መዳብ የበዛበት ጭረት ይጠፋል፤ ወርቅ የበዛበት ይቀራል። ሆኖም ድንጋዩ የሚናገረው ስለ ላይኛው ገጽ በመሆኑ በወርቅ የተለበጠ ብር ሊያታልለው ይችላል። ለዚህ ውሃ ይረዳል። ወርቅ ከውሃ 19.3 ጊዜ ያህል፣ ብር ደግሞ 10.5 ጊዜ ያህል ይከብዳሉ፤ ስለዚህ 28 ግራም ንጹሕ ወርቅ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲመዘን 1.45 ግራም ያህል ሲቀንስ፣ ያንኑ የሚመዝን ብር 2.67 ግራም ያህል ይቀንሳል። ፈርጥ ያለበትን ወይም ውስጡ ክፍት የሆነውን ጌጥ ግን ይህም ዘዴ አይፈታውም። የመጨረሻው ዳኛ እሳት ነው፤ አንጥረኛ የሚለው ስያሜ ራሱ ከማንጠር፣ ማለትም አቅልጦ ከማጥራት የመጣ ነው።

ይህን ዕውቀት የተሸከመው ባለ እጅ በባላባታዊው ሥርዓት ውስጥ ጠይብና ቡዳ እየተባለ የተናቀ፣ በብዙ ቦታም ርስት የተነፈገ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያው በሥራው እንዳይሰደብ ያስነገሩት አዋጅ ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። የቅኔ ሊቃውንት ግን ለጥበባቸው ከፍተኛ መገለጫ ስሙን የተዋሱት ከዚሁ ሰው ማቅለጫ ነው፤ ጌጡ በሰም ይቀረጻል፣ በጭቃ ይለበጣል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። ሰምና ወርቅ የሚለው ቃል በየጉባኤው ሲከበር፣ ሰሙን የቀረጸው እጅ እንደተናቀ ቀረ።

ጌጡ አዲስ ሆኖ ሲገዛ የእጅ ዋጋ ይከፈልበታል፤ ተመልሶ ሲሸጥ ያ ዋጋ ይሰረዛል፤ በላዩም የብየዳውና የፈርጡ ክብደት ይቀነሳል። ገዢው የራሱ ምክንያት አለው፤ ለማቅለጥ የሚገዛ ሰው ቅርጽ አይፈልግም። የተጎዳው የዕደ ጥበብ ታሪክ ነው። ጠገራው ቀልጦ ድሪና አልቦ እንደሆነ ሁሉ፣ ያረጀው ጌጥም እየቀለጠ ለአዲሱ ቦታውን ለቀቀ፤ የቀደምት አንጥረኞች ሥራ ከእጅ የወጣው በአንድ ዘረፋ ሳይሆን በየዕለቱ በሚደረግ ሕጋዊ ሽያጭ ነው።

ዛሬ የኤክስሬይ መሣሪያ የማዕድኑን ድርሻ ሳይቧጭር ይናገራል፤ እርሱም ቢሆን እንደ ድንጋዩ ጠልቆ አያይም። የሽቦውን አጠማዘዝና የጠብታውን አደራደር አይቶ ሐብሉ የየትኛው አገር፣ የየትኛው ዘመን ሥራ እንደሆነ ለመናገር የሚያስፈልገው የሙያው ዐዋቂ ዐይን ነው። ያ ዐይን ሳያርፍባቸው ስንት ጌጦች 28 ግራም፣ 21 ካራት ተብለው ብቻ ተመዝግበው ወደ ማቅለጫው ወርደዋል።