የኮምፓይለር እርሾ

እንጀራ ሲጋገር ያየ ሰው እርሾ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። የዛሬው ሊጥ የሚቦካው ካለፈው በተረፈው ነው፤ ያለፈውም ከዚያ በፊት በነበረው። ያለቀበት ቤት ወደ ጎረቤት ይልካል። የመጀመሪያዋ እርሾ ከየት መጣች ብሎ ራሱን የሚያስጨንቅ ግን ብዙም የለም።

የፕሮግራም ቋንቋን ከሶርስ ኮዱ ልገንባ ያለ ሰው ግን ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ጎ የሚባለውን የጉግል ቋንቋ እንውሰድ። ሶርስ ኮዱን አወረዳችሁ፣ የግንባታውን ትእዛዝ ሰጣችሁ፤ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የሚሠራ ጎ ያለበትን አሳዩኝ ብሎ ይገተራል። ጎን ለመሥራት ጎ! ቀልድ አይደለም። ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ እስከ 1.4 ድረስ የተጻፈው በሲ ነበር። በ2015 የወጣው 1.5 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በራሱ በጎ ተጻፈ። ስለዚህ ከሥር የሚነሳ ሰው በሲ ኮምፓይለር 1.4ን ይገነባል፣ በ1.4 1.17ን፣ በ1.17 1.20ን፣ በ1.20 ደግሞ 1.22ን። አንዱን ደረጃ ልዝለል ያለ እዚያው ይቀራል። ሩስት ይብሳል። የመጀመሪያው ኮምፓይለሩ ኦካምል በሚባል ሌላ ቋንቋ ተጽፎ ነበር፤ በ2011 ራሱን ኮምፓይል ማድረግ ከቻለ ወዲህ ግን እያንዳንዱ ቅጂ የሚገነባው ከእሱ በፊት በነበረው ነው።

ልማዱ የቆየ ነው። በ1962 ኤምአይቲ ውስጥ ቲም ሃርትና ማይክ ሌቪን የሊስፕን ኮምፓይለር በሊስፕ ጻፉት። በማን ይተርጎም? ሊስፕን መስመር በመስመር እያነበበ የሚያስኬድ ሌላ ፕሮግራም ስለነበር በእሱ ላይ አስኬዱትና የራሱን ኮድ ራሱ እንዲተረጉም አደረጉት። እርሾው ተገኘ።

ታዲያ ሊጡ ከቦካ ምን ቸገረን? ከዩኒክስ አባቶች አንዱ የሆነው ኬን ቶምሰን፣ ከዴኒስ ሪቺ ጋር ለተጋራው የ1983 የቱሪንግ ሽልማት ያደረገው ንግግር በ1984 ሲታተም ሦስት ገጽ ነው፤ እኛ እንደሚመስለን ግን በሙያው ከዚያ ሦስት ገጽ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳ ጽሑፍ ጥቂት ነው። እስቲ ተንኮሉን ተከተሉት። የሲ ኮምፓይለሩ የተጠቃሚውን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ፕሮግራም ሲተረጉም፣ ቶምሰን ብቻ የሚያውቀውን ሌላ የይለፍ ቃል ሹልክ አድርጎ ይጨምርበታል። እዚህ ላይ የኮምፓይለሩን ኮድ ያነበበ ሁሉ ይነቃበታል። ስለዚህ ሁለተኛ ተንኮል ታከለ፦ ኮምፓይለሩ ራሱን እየተረጎመ መሆኑን ሲያውቅ ሁለቱንም ተንኮሎች በአዲሱ ልጁ ውስጥ ይተክላል። አንዴ ኮምፓይል ከተደረገ በኋላ ከሶርስ ኮዱ ላይ ሁለቱም ይሰረዛሉ። ከዚያ ወዲያ ኮዱን ሺህ ጊዜ አንብቡት፣ ንጹሕ ነው። እንደገና ገንቡት፣ መርዙ አለ፤ ከእርሾው ይመጣልና።

በ1987 የወጣው የሪቻርድ ስቶልማን ጂሲሲ ሲገነባ ራሱን ሦስት ጊዜ ይተረጉማል። መጀመሪያ በማሽኑ ላይ በተገኘው ኮምፓይለር፣ ቀጥሎ በውጤቱ፣ ቀጥሎም በውጤቱ ውጤት። የሁለተኛውና የሦስተኛው ዙር ፋይሎች ካልተመሳሰሉ ግንባታው በስህተት ይቆማል። ይህ መልእክት የገጠመው ሰው ቢበሳጭ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ኮምፓይለሩ አንድ ቦታ አሳስቶ ተርጉሟል ማለት ነውና መደበቅ የለበትም። ብቻ የቶምሰንን ዓይነት ተንኮል ይህ ንጽጽር አይዘውም። ሁለቱም ዙር እኩል ስለሚመረዙ በደንብ ይመሳሰላሉ!

ተረት የመሰለው ካለ በመስከረም 2015 የታወቀውን ኤክስኮድጎስት ያስታውስ። ከአፕል ሰርቨር ማውረድ ቀርፋፋ የሆነባቸው የቻይና ፕሮግራመሮች የአፕልን የፕሮግራም መሥሪያ፣ ኤክስኮድን፣ በአገራቸው የፋይል ማከማቻ ላይ ከተቀመጠ ቅጂ አወረዱ። ቅጂው የተነካካ ነበር። እነሱ የጻፉት ኮድ ምንም ሳይኖርበት የሠሯቸው አፕሊኬሽኖች፣ አንዱን የዊቻት ቅጂ ጨምሮ፣ ተበክለው ወጡ። የአገራችንን ኢንተርኔት ለሚያውቅ ሰው ይህ ምክንያት እንግዳ አይመስለንም።

መድኃኒቱ ላይ ዴቪድ ዊለር በ2005 አንድ ዘዴ አቀረበ፦ የተጠረጠረውን ኮምፓይለር ሶርስ ኮድ ዝምድና በሌለው ሌላ ኮምፓይለር ተርጉሙት፤ በውጤቱ ያንኑ ኮድ ድገሙት፤ ከዚያ ከተጠረጠረው ጋር ቢት ለቢት አስተያዩት። ሁለት ባዕዳን አንድ ዓይነት ውሸት የመዋሸታቸው ዕድል ጠባብ ነው። የጂኤንዩ ጊክስ ሰዎች ደግሞ በ2023 እርሾውን ራሱን አሳነሱት። 357 ባይት ከሆነች ዘር ተነስተው፣ ደረጃ በደረጃ፣ ጂሲሲ ድረስ ወጡ። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ይህ 119 ፊደል መሆኑ ነው፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊመረምረው ይችላል። ሥራውን የሚነዳው ጋይል የተባለ ፕሮግራምና ከሥሩ ያለው ከርነል ግን ያን ጊዜም ከውጭ፣ ተዘጋጅተው የገቡ ነበሩ።