የጥንቱና የዘመኑ ሙዚቃ በአንድ መድረክ

የባሮክን ሙዚቃ ሥራቸው ያደረጉ የሙዚቃ ጓዶች፣ ከ1600 እስከ 1750 ባለው ጊዜ ውስጥ ከተደረሱት ሥራዎች ጋር በሕይወት ያለ ደራሲ የጻፈውን አዲስ ድርሰት በአንድ ምሽት ሲያቀርቡ ይታያል። አንዳንድ አድማጭ ይህን እንደ እንግዳ ድብልቅ ይቆጥረዋል። ይሁን እንጂ አሠራሩ ምን ያህል ፍሬ ሊሰጥ እንደሚችል ለመረዳት የስዊሷን ከተማ የባዝልን ታሪክ መመልከት ይበቃል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአውሮፓ ታላላቅ ኦርኬስትራዎች መርሐ ግብር በአብዛኛው ከሞዛርት እስከ ብራምስና ዋግነር ባሉት ደራስያን የተያዘ ነበር። ከእነርሱ በፊት የተደረሱት አብዛኞቹ ሥራዎች በቤተ መጻሕፍት ተዘግቶባቸው ሲቀሩ፣ በሕይወት ያሉት ደራስያን ደግሞ ሥራቸውን የሚጫወትላቸው ለማግኘት ይቸገሩ ነበር። በ1926 የ20 ዓመቱ ወጣት ፓውል ዛኸር የባዝልን ቻምበር ኦርኬስትራ ሲያቋቁም፣ ትኩረቱን በእነዚህ በተዘነጉት ሁለት ወገኖች፣ ማለትም በጥንቱና በአዲሱ ላይ አደረገ። በ1933ም የጥንቱ ሙዚቃ አጨዋወትና መሣሪያ የሚጠናበት ስኮላ ካንቶረም ባዚሊየንሲስ የተባለው ትምህርት ቤት እንዲመሠረት አደረገ።

ኦርኬስትራው አሥረኛ ዓመቱን በሚያከብርበት ወቅት ዛኸር ለሀንጋሪያዊው ደራሲ ለቤላ ባርቶክ አዲስ ሥራ እንዲጽፍ ትእዛዝ ሰጠ። ለባለ አውታር፣ ለምት መሣሪያዎችና ለቼሌስታ የተደረሰው ይህ ሥራ ጥር 21 ቀን 1937 በባዝል ተሰማ። የመጀመሪያው ክፍል ፉጋ ነው፤ ይኸውም አንዱ ድምፅ የጀመረውን ዜማ ሌሎቹ በየተራ እየተቀበሉ የሚያሳድጉበት፣ ባኽ ከፍተኛ ደረጃ ያደረሰው ስልት ነው። ባለ አውታሮቹም በሁለት ወገን ተከፍለው በመድረኩ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ይህ አቀማመጥ በቬኒስ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጆቫኒ ጋብሪኤሊ ቡድኖችን ለያይቶ ያስተዛዘመበትን ጥበብ ያስታውሳል።

በነሐሴ 1939 ባርቶክ ዛኸር በሳነን መንደር ባዘጋጀለት ቤት ተቀምጦ ዲቨርቲሜንቶ የተባለውን ሥራ በ15 ቀናት ውስጥ ጻፈ። በዚህም ሥራ ጥቂት ብቸኛ ተጫዋቾች ከመላው ጓድ ጋር ይመላለሳሉ፤ ይህ ደግሞ ኮሬሊና ሄንደል የተጠቀሙበት የኮንቸርቶ ግሮሶ ሥርዓት ነው። ሥራው ሰኔ 11 ቀን 1940፣ የጀርመን ጦር ፓሪስ ከመግባቱ ከሦስት ቀን በፊት በባዝል ተሰማ። በዚያው ዓመት ባርቶክ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በ1945ም በኒው ዮርክ አረፈ።

ዛኸር በ1934 ከባለጸጋ ቤተሰብ በጋብቻ መዛመዱ ለዚህ ተግባር አቅም እንደሰጠው አይካድም። ነገር ግን ገንዘብ ብቻውን አይበቃም ነበር። ትእዛዝ ማለት ለደራሲው ክፍያው ብቻ አይደለም፤ የሚጫወቱለት ሰዎች፣ የልምምድ ጊዜና የተቆረጠ ቀን ጭምር ነው። ጥንታዊውን ሥራ በመጫወት እያንዳንዱን ድምፅ ለይቶ ማሰማትን የለመደው አነስተኛ ጓድም ለአዲሱ ድርሰት ብቁ መሣሪያ ሆነ። ዛኸር ያዘዛቸውና ያስደረሳቸው ሥራዎች ወደ 200 ይጠጋሉ፤ የስትራቪንስኪና የኦኔገር ሥራዎች ከእነርሱ መካከል ይገኛሉ። ሁሉም እኩል ዕድሜ አላገኙም፤ ሆኖም ጥቂት የማይባሉት ዛሬም በየመድረኩ ይሰማሉ።

ኦርኬስትራው በ1987 ተበተነ፤ ዛኸርም በ1999 አረፈ። የሥራው ትርጉም ግን በባዝል ብቻ የሚቀር አይደለም። ዛሬ ጥንታዊ የምንለው ሙዚቃ በዘመኑ አዲስ ነበር። ባኽ ለላይፕሲክ ምእመናን፣ ለሚመጣው እሑድ ይጽፍ ነበር። እንግዲህ የቀድሞውን ብቻ የሚጫወት ጓድ የባኽን ወረቀት ይጠብቃል፤ ወረቀቱን ያስገኘውን ልማድ ግን ይተዋል። በአንድ ምሽት አንድ አዲስ ሥራ ማካተት ያንን ልማድ መጠበቅ ነው።