ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከአጥቂነት እስከ ካፍ ፕሬዚዳንትነት

ይድነቃቸው ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1921 ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ዝነኛው ባለቅኔና ዘፋኝ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ከሃያ ዓመት በላይ በአጥቂነት ተጫውተዋል። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣውን ብሔራዊ ቡድን ያሠለጠኑትም እርሳቸው ናቸው። ከ1972 ጀምሮ እስከ ሕልፈታቸው 1987 ድረስ ካፍን መርተዋል።

እኛ ግን ከዋንጫው ይልቅ የምናከብርላቸው በአፓርታይድ ላይ የነበራቸውን አቋም ነው። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ብላ ከ1957ቱ የመጀመሪያው አፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች። ኢትዮጵያም (ይህን ብዙዎች አያስታውሱትም) ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ያለፈችው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች። ከካፍ መሥራቾች አንዱ የነበሩት ይድነቃቸው በፕሬዚዳንትነት ዘመናቸውም ለአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ በሩን አልከፈቱም።