ጉዛራን ማን ሠራው? ይፋግንስ ማን ረሳው?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ሐሙሲትንና ወረታን ካለፈ በኋላ የርብን ወንዝ ይሻገርና ይፋግ ይደርሳል። “ይደርሳል” ስል ወርዶ ሻይ ይጠጣል ማለቴ አይደለም። ረዳቱ “ይፋግ ወራጅ አለ?” ይላል፤ ዝም ከተባለ መኪናው አይቆምም። ከዚያ አዲስ ዘመን፣ እንፍራንዝ፣ ማክሰኚት… ተሳፋሪው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት የሚጀምረው ጎንደር ሲገባ ነው። ታሪክም እዚያው ጎንደር ላይ የጀመረ ይመስለዋል።

እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ጎንደር ከመድረሳችን በፊት መስኮት ላይ ተደግፈን ስለምናልፈው አገር ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ ወደ እኛ መመለስ ለፈለገ ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ ነው።)

እንፍራንዝ አጠገብ፣ ጣናን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ፣ ጉዛራ የሚባል ግንብ አለ። ባለ ሁለት ፎቅ፣ በማዕዘኑ ክብ ማማ ያለው፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ። ፎቶውን ብቻ ያየ ሰው “ይሄ ፋሲል ግቢ አይደል እንዴ?” ቢል አይፈረድበትም። የተለመደው ታሪክ የሠራው ዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይላል። ሠርፀ ድንግል የነገሠው ከ1563 እስከ 1597 ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆረው ደግሞ 1636 ግድም። ልብ በሉ፤ ጉዛራ የፋሲል ግንብ ታናሽ ቅጂ ሳይሆን ታላቅ ወንድሙ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል እናንሳ። “ከተማ” ስንል ዛሬ አስፋልትና ካፌ ነው የሚታየን። ድሮ ግን ከተማ ማለት የንጉሡ ሰፈር፣ ድንኳኑ የተተከለበት ቦታ ነበር። ንጉሡ ሲነሣ ከተማውም ይነሣል። ምክንያቱም ቀላል ነው። ያን ሁሉ ሠራዊትና አገልጋይ አንድ ቦታ ዓመት ሙሉ ለመመገብ የሚችል አገር አልነበረም፤ ማገዶውም ያልቃል፣ እህሉም ያልቃል። ንጉሥ በድንጋይ ቤት ልኑር ሲል እንግዲህ ስለ ምቾት ብቻ የተናገረ አይደለም፤ “ከዚህ አልነቃነቅም” ማለቱ ነው። ከግራኝ ጦርነት (ከ1529 እስከ 1543) በኋላ ኦሮሞ ከደቡብ እየገፋ መጥቷል፤ ከ1557 ጀምሮ ምጽዋን ቱርክ ይዟታል። የመንግሥቱ መቀመጫ ከሸዋ ተነቅሎ ወደ ጣና ዳር የመጣው በዚያ ዘመን ነው። የጉዛራ ግንብ የዚያ ስደት ማኅተም ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

አሁን ወደማትቀረው ጥያቄ እንምጣ። ጎንደር አካባቢ ግንብ ባየን ቁጥር አንድ ሰው ከኋላ “ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት” ይላል። ይህን ዐረፍተ ነገር የሰማሁበትን ጊዜ ብቆጥር ኖሮ ጉዛራን የሚያህል ቁጥር ይወጣኝ ነበር። እስቲ ቀኖቹን አሰልፈን እንያቸው። ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደር ይዞ የመጣው በ1541 ነው፤ የመጣው ለመዋጋት ነው፣ እሱም ተማርኮ ተገደለ። የተረፉት እዚሁ አግብተው ወልደው ቀርተዋል። ፔድሮ ፓኤዝ (እሱ ደግሞ ፖርቹጋል ሳይሆን ስፔናዊ ነው) ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነው፤ ሠርፀ ድንግል ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ። ፓኤዝ በጎርጎራ ለዐፄ ሱስንዮስ መሥራቱ እውነት ነው፤ በ1622 ሞተ። ዐፄ ፋሲል ደግሞ ገና እንደነገሠ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አባረራቸው። እና ያባረራቸው ሰዎች ናቸው ቤቱን የሠሩለት? በ1648 ከየመን የመጣው መልእክተኛ አል-ሐይሚ የፋሲልን ቤተ መንግሥት አይቶ ተደንቆ ሲጽፍ፣ የሠራው ሕንዳዊ ባለሙያ መሆኑን ነው የመዘገበው። ፖርቹጋል አላለም።

ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። ኢየሱሳውያኑ በጻፉት መሠረት በኢትዮጵያ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ የተገኘው በ1621 ነው። ይህ እውነት ከሆነ፣ በኖራ የተገነባው ጉዛራ እንዴት ተደርጎ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሊሆን ይችላል? አንዳንድ ተመራማሪዎች በዚህ ምክንያት ጉዛራን ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ጎትተው ያመጡታል። ሌሎቹ ደግሞ “ኢየሱሳውያኑ እነሱ ያዩትን ሁሉ የመጀመሪያ አድርገው የመጻፍ ልማድ አላቸው” ብለው ለሠርፀ ድንግል ይሟገታሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ማድላቴ ግን ማስረጃ አይደለም። ለማንኛውም በየትኛውም ብንሄድ “ፖርቹጋሎች” የሚለው መልስ ሰነፍ መልስ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ስለ ሕንዳዊና ስለ ፈረንጅ ስንከራከር ድንጋዩን የጠረበው ሰው ተረስቶ ይቀራል። በጎንደር ዘመን ከግንበኞቹና ከአናጺዎቹ መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ ለሙያቸው ይፈለጋሉ፣ በመሬትና በክብር ጉዳይ ግን ወደ ጎን ይገፋሉ። “ጠይብ” እያልን ያራቅነው እጅ ነው ዛሬ የምንኮራበትን ግንብ ያቆመው። በእነዚያው አሥርት ዓመታት በካሪቢያን ባሕር ዳር ስፔኖች የሃቫናን ምሽጎች ከአፍሪካ በተወሰዱ ባሪያዎች ጉልበት ይሠሩ ነበር። የእኛ ግንብ የቅኝ ገዢ አለመሆኑ ልዩነት ነው፤ ትልቅ ልዩነት። የሠራተኛው ስም ግን እዚያም እዚህም የለም።

እንፍራንዝ ከግንቡ በተጨማሪ ሌላ የሚገርም ታሪክ አላት። በ1668 በጎንደር የተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ወሰነ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1700፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በእንፍራንዝ ሲያልፍ ያየው ሌላ ነው። ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን በግልጽ ያካሂዳሉ፣ ቤታቸውም ከክርስቲያኑ ቤት ጋር ተቀላቅሏል። አዋጁ ጎንደር ላይ ታወጀ፤ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ግን ገበያው የራሱን ሕግ አወጣ። (ስለ ገበያው ደግሞ አናሳምረው፤ ፖንሴ ራሱ እዚያ ይሸጥ ነበር ብሎ ከጻፋቸው መካከል ዝባድና ሰው ይገኙበታል።)

እንግዲህ ይፋግ የምትመጣው በዚህ በኩል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ መንገደኞች ይፋግን ከበጌምድር ታላላቅ ገበያዎች አንዷ አድርገው ነው የሚጠቅሷት። ከአፋር በረሃ የተቆረጠው አሞሌ ጨው በሰቆጣና በላስታ አድርጎ ይመጣል። ከዓባይ ማዶ፣ በጎጃም የባሶ ገበያ በኩል፣ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና ባሪያ ይመጣል። ከዚህ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ቀረጥ የሚቀረጥባት ኬላም ነበረች። አጠገቧ ያለችው ደሪጣ ደግሞ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። አሞሌው ገንዘብም ነውና ይፋግ በዛሬ አነጋገር ገበያም ባንክም ነበረች ማለት ይቻላል።

ታዲያ ግንቧ የት አለ? የለም። የነጋዴ ቤት ሳር ክዳን ነው፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው። ለምን ብለን ብንጠይቅ መልሱ የድህነት ብቻ አይመስለኝም። በዘመነ መሳፍንት ሀብትህን በድንጋይ ብታቆመው ለሚቀጥለው ዘራፊ አድራሻ መስጠት ነው። በበቅሎ የሚጫን ሀብት ይሸሻል፤ ግንብ አይሸሽም። ጎንደር ራሷ በግንቧ ምን አተረፈች? በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ዘርፎ አቃጠላት፤ በ1888 ደርቡሾች ደገሙት። በኋላ የንግዱ ሚዛን ወደ ደቡብ ዞረ፤ የጅቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የምጽዋ መንገድ ድሮ የነበረውን ያህል አላስፈለገም። ይፋግን ማንም አላፈረሳትም። ሰው እየቀነሰ፣ ዛሬ ረዳቱ ወራጅ ያጣባት ከተማ ሆነች።

በቅርስ መዝገብ ላይ የምንጽፈው የቆመውን ብቻ ስለሆነ ይፋግ የትም አትገኝም። ጉዛራ እንኳ በመዝገብ ላይ እያለ የተረሳ ነው። ዩኔስኮ በ1979 “ፋሲል ግቢ” ብሎ የመዘገበው በጎንደር ከተማ ያለውን ብቻ ሳይሆን የጎርጎራን ገዳም፣ ማርያም ግንብንና ጉዛራንም ጨምሮ ነው። በ2024 እና በ2025 የፋሲል ግቢ ጥገና መነጋገሪያ በነበረበት ጊዜ ስንት ሰው የጉዛራን ስም እንዳነሣ እናንተው አስቡት።

የይፋግ ሰው ቁጭት ካለው የሚያሳየው አንድ ድንጋይ አለው፤ የርብ አሮጌ ድልድይ። የአካባቢው ሰው የፋሲል ነው ይላል (በዚህ አገር የጥንት ድልድይ ሁሉ የፋሲል ነው)። አስፋልቱ ላይ በፍጥነት የሚያልፍ መኪና ተሳፋሪ ላያየው ይችላል። አሞሌ የተጫነች በቅሎ ግን በክረምት፣ ርብ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቅ፣ የምትሻገረው በእንዲህ ያለ ድልድይ ነበር። ንጉሥም፣ ነጋዴም፣ በገመድ ታስሮ የሚነዳውም ሰው። በሚቀጥለው ጊዜ ረዳቱ “ይፋግ ወራጅ አለ?” ሲል “አለ” በሉት።