ድንበር በፕላስቲክ ኩባያ

በደምና በአንጎል መካከል ያለውን ድንበር ለማጥናት የሚያገለግለው ትንሽ ኩባያ ወለሉ ወንፊት ነው፤ ቀዳዳዎቹ ብዙ ጊዜ 0.4 ማይክሮሜትር ናቸው። በላዩ የአንጎልን ደም ሥር ከውስጥ የሚሸፍኑ ሕዋሳት ይበቅላሉ። የላይኛው ፈሳሽ የደምን፣ የታችኛው የአንጎልን ቦታ ይይዛል፤ ከላይ ከተጨመረው መድኃኒት ምን ያህሉ እንዳለፈ ይለካል። ይህ ድንበር መኖሩ ራሱ ወዲያው አልታወቀም። በ1885 እ.ኤ.አ. ፖል ኤርሊክ በእንስሳት ደም ውስጥ የጨመረው ቀለም አንጎልን ሲዘልል አይቶ፣ አንጎል ቀለሙን የማይቀበል መሰለው። ተማሪው ኤድዊን ጎልድማን ግን በ1913 ቀለሙን በአንጎል ዙሪያ ወዳለው ፈሳሽ ሲያስገባው አንጎሉ ቀለመ፤ የከለከለው ከደም ወደ አንጎል የሚወስደው መንገድ ነበር ማለት ነው።

ኩባያው ግን ያፈሳል የሚል ወቀሳ አለ፤ ወቀሳውም እውነት ነው። የድንበር ጥብቀት በኤሌክትሪክ መቋቋም ይለካል፤ በሕያው እንስሳ አንጎል ከ1000 ኦም ካሬ ሴንቲሜትር ሲያልፍ፣ በ2005 ይፋ የሆነው የታወቀ የሰው ሕዋስ ዘር ብዙ ጊዜ 100 እንኳ አይሞላም። የደም ፍሰትም ሆነ ጎረቤት ሕዋሳት የሉትማ! ስለዚህ ትንንሽ ሞለኪውሎች ሾልከው ማለፋቸው ብዙ አይነግረንም። መድኃኒትን ወደ ደም የሚመልሱ የሕዋስ ፓምፖችን ለማጥናት ግን ኩባያው ይበቃል። ጥብቀት ብቻውንም ማንነትን አያረጋግጥም፦ ከ2012 ጀምሮ ከግንደ ሕዋስ የተሠሩ ሞዴሎች በሺዎች የሚቆጠር ኦም አስመዘገቡ፤ በ2021 የወጣ የጂን ጥናት ግን ከደም ሥር ይልቅ የሌሎች አካላትን ገጽ የሚሸፍኑ ሕዋሳትን እንደሚመስሉ አሳየ።